ሥጋ በማይገባበት የሌቫንትና የአይሁድ ምግብ ቤት መመገብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለንደን ለሚመጣ ዘመድ «የት ልጋብዝህ?» ማለት ቀላል ነው፤ መልሱ ነው የሚከብደው። አንዱ ጾመኛ ነው፣ አንዱ ሥጋው ሐላል ካልሆነ አይነካም፣ ሌላውን ሐኪም ከልክሎታል። ሁሉንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ ስል፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሥጋ ጨርሶ የማይሠራባቸውንና ምግባቸው ከሌቫንትና ከአይሁድ ጓዳ የተቀዳ ቤቶችን አዘወትራለሁ። ከዚህ በታች ያሉት አብረውኝ የሄዱ ሰዎች በር ላይም፣ ሜኑው ከተዘረጋ በኋላም የጠየቁኝ ጥያቄዎች ናቸው።

ሌቫንት የት ነው? የአይሁድ ምግብስ ከሱ ጋር ምን አገናኘው?

ሌቫንት የሚባለው የሜድትራንያን ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው፦ ሊባኖስ፣ ሶርያ፣ ፍልስጤም፣ እስራኤል፣ ዮርዳኖስ። ሽምብራ፣ ምስር፣ ደበርጃን፣ ሎሚ፣ የወይራ ዘይትና ሰሊጥ ከዚያ አገር ማዕድ አይጠፉም። የአይሁድ ምግብ ግን አንድ አገር የለውም። የፖላንድና የሩስያ አይሁዶች ኻላ የሚባለውን ጉንጉን ዳቦና ላትኬ የሚባለውን የድንች ጥብስ ይዘው ዞሩ። የኢራቆቹ ሳቢኽ የሚባለውን የደበርጃንና የእንቁላል ሳንድዊች፣ የየመኖቹ ማላዋኽ የሚባለውን ንብብር ቂጣ፣ የሰሜን አፍሪካዎቹ ሻክሹካ የሚባለውን እንቁላል በቲማቲም ስልስ አመጡ። እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1950 ወደ 49 ሺህ የየመን አይሁዶች፣ በ1950 እና በ1951 ደግሞ ወደ 120 ሺህ የኢራቅ አይሁዶች እስራኤል ገቡ። ቅመማቸውም አብሯቸው ገባና ከአካባቢው የዐረብ ምግብ ጋር አንድ ገበታ ላይ ተቀመጠ።

ለንደን ውስጥ ይህን ድብልቅ ሥጋ ሳያስገቡ ከሚሠሩት መካከል ስሙ የሚነሳው ቡባላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ስፒታልፊልድስ ላይ ተከፈተ። ስሙ ከዪዲሽ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ፣ የመጣ የማቆላመጫ ቃል ነው፤ እኛ «የኔ ዓለም» እንደምንለው ያለ። ሰፈሩም ለነገሩ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከሩስያ ግዛት የሸሹ አይሁዶች የሰፈሩት እዚያው አካባቢ ነበር፤ ብሪክ ሌን ላይ ቀኑንም ሌሊቱንም የማይዘጋ የቤግል (የቀለበት ዳቦ) ቤት ዛሬም አለ።

ሥጋ ከሌለማ ጾም ነው፣ አይደል?

አይደለም። ሐበሻ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አፍ «ሥጋ የለበትም» እና «የጾም ነው» አንድ ሆነዋል፤ አዲስ አበባ «የጾም» ብላችሁ ካዘዛችሁ ቅቤውም፣ ወተቱም፣ እንቁላሉም አብሮ ቀርቷል። ቬጂቴሪያን የሚባለው ምግብ ቤት ግን የተወው ሥጋና ዓሣን ብቻ ነው። ቅቤ፣ አይብ፣ እርጎና እንቁላል ይገባል፤ ያውም በገፍ። ሥጋው የጎደለበትን ቦታ ብዙ ጊዜ የሚሞሉት በእነሱ ነውና።

እኔም ተሸውጃለሁ። አንድ ዓርብ ማታ፣ ቤቱን አልጠራም፣ ደበርጃን አዘዝኩ። ከነቆዳው እሳት ላይ ጠቁሮ፣ መሐሉ ተከፍቶ፣ ነጭ ነገር ፈሶበት፣ የሮማን ፍሬ ተበትኖበት መጣ። ታሂኒ (ልሞ የተፈጨ ሰሊጥ) ነው ብዬ ሁለቴ ጎረስኩ። ሦስተኛው ላይ የወተት ሽታ ሲመጣብኝ አስተናጋጇን ጠራሁ፤ እርጎ ነበር። ታሂኒ በሎሚና በውሃ ሲመታ ነጭ ይሆናል፣ እርጎም ነጭ ነው፤ መብራቱ ደብዘዝ ባለ ቤት ዓይን አይለያቸውም። ሜኑው ላይ ተጽፎ እንደሆነ ልጅቷ በጣቷ አሳየችኝ፤ ጥፋቱ የኔው ነበር ማለት ነው። ግን በደቃቃ ፊደል ነው የተጻፈው፣ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ስለዚህ ስለ ረቡዕና ዓርብ፣ ስለ ፍልሰታና ስለ ሁዳዴ ለአስተናጋጅ ማስረዳት ሳያስፈልጋችሁ «ቪጋን» በሉ። ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል። ቪጋን ከእንስሳ የሚገኘውን ሁሉ የሚተው ነው፣ ማርም ሳይቀር። ለእኛ ጾም ከበቂ በላይ ነው። እንዲያውም በማሩ ምክንያት ብቻ ከቪጋን ዝርዝር የወጣ ምግብ ካለ ለጾመኛ ይሆናል፤ በጾም ጠጅ የሚጠጣ ሕዝብ ማር ላይ አይጨነቅም።

ሌላም አለ። ሃሉሚ አይብ የተጠበሰበት መጥበሻ ላይ ያንተ እንጉዳይ ይጠበስ ይሆናል። ይህ ለሚከብዳችሁ ሰዎች፣ ቦታ ስትይዙ ጠይቁ እንጂ ምግቡ ከቀረበ በኋላ አትጠይቁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩም ምሳ ሳይሆን እራት አስይዙ፤ ሽታው ፈተና ነው።

ከሜኑው ታዲያ የትኛው ይጾማል?

በተለምዶ አሠራራቸው ከሄድን፣ ሑሙስ (የተፈጨ ሽምብራ በታሂኒ)፣ ባባ ጋኑሽ (የተጠበሰ ደበርጃን በታሂኒ)፣ ፋላፍል (ዘይት ውስጥ የተጠበሰ የሽምብራ ድቡልቡል)፣ ታቡሌ (የተከተፈ ቅጠል ሰላጣ)፣ ሙሐመራ (ቀይ ቃሪያ ከዋልነትና ከሮማን መረቅ ጋር፣ የሶርያዋ ከተማ የሐለብ ምግብ ነው) እና ሙጀደራ ይጾማሉ። ሙጀደራ ምስርና ሩዝ አብሮ ተቀቅሎ፣ ቡናማ እስኪሆን የተጠበሰ ሽንኩርት የሚጫንበት ነው፤ ሽንኩርቱ ላይ ጊዜ ያልቆጠበ ቤት ከሆነ ሌላ ነገር ባታዙ አይቆጫችሁም። ቱም የሚባለው ነጭ ማባያም ክሬም ቢመስልም ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ሎሚና ጨው ነው፤ አንዳንዱ ግን የእንቁላል ነጭ ይጨምርበታል።

የማይጾሙት ላብነህ (ውሃው ተንጠፍጥፎ የወፈረ እርጎ)፣ ሃሉሚ፣ ሻክሹካና ሳቢኽ ናቸው። ሻክሹካ ቲማቲም ስልስ ውስጥ የበሰለ እንቁላል ነው፤ ሳቢኽ ደግሞ የኢራቅ አይሁዶች የሰንበት ጠዋት ቁርስ ሲሆን የተጠበሰ ደበርጃንና የተቀቀለ እንቁላል ዳቦ ውስጥ ይገባበታል። ላትኬ ድንች ብቻ ይመስላል፤ ድንቹን የሚያያይዘው ብዙ ጊዜ እንቁላል ነው።

አሁን ደግሞ «በተለምዶ» ያልኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። የዘመኑ አብሳዮች የጾሙን ምግብ አስፍስከው ያቀርባሉ። ቡባላ ያስመሰገነው አንዱ ምግብ ሑሙስ ላይ ቡናማ እስኪሆን የተቃጠለ ቅቤ የሚፈስበት ነው። ለፍስክ ቀን የኛን ንጥር ቅቤ የሚያስታውስ ግሩም ነገር ነው፤ ለዓርብ ግን አይሆንም። የምታውቁትን ስም አይታችሁ አትዘናጉ።

ዳቦውስ?

ፒታና ላፋ የሚባሉት ቂጣዎች ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ናቸው፤ ይጾማሉ። ኻላ እንቁላል አለበት። ማላዋኽ በየንብብሩ መሐል ቅቤ ወይም ማርጋሪን የተቀባ ነው፣ ጠይቁ።

ሑሙስ የተፈጨ ሽምብራ አይደለም እንዴ? ምን ያስወድደዋል?

ቃሉስ በዐረብኛ ሽምብራ ማለት ነው። ሙሉ ስሙ «ሑሙስ ቢ ጣሒና»፣ ሽምብራ በታሂኒ ነው። ሽምብራው ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፣ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ገብቶበት በሁለት ጣት ሲይዙት እስኪፈርስ ይቀቀላል፣ ይፈጫል፤ ከዚያ ታሂኒ፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና በረዶ የመሰለ ቀዝቃዛ ውሃ እየተጨመረ ይመታል። የፋላፍል ሽምብራ በአንጻሩ ተዘፍዝፎ ጥሬውን ይፈጫል እንጂ አይቀቀልም፤ ቤት ሞክራችሁ ዘይት ውስጥ የተበተነባችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ወሰድኳት። ሑሙሱን በዳቦ ጠቅሳ ቀመሰች፤ ዝም አለች፤ ደገመች። «ይኼማ ቡቲቻ ነው» አለችኝ። «ቃሪያውን የት አደረሱት?»

አልተሳሳተችም። ቡቲቻችን ከሽምብራ ዱቄት ነው የሚሠራው፣ ሰናፍጭና ቃሪያ ይገባበታል፣ የሰሊጡ ቅባት ግን የለውም። ልዩነቱን የፈጠረው ታሂኒው ነው፤ ዋጋውም ያለው እሱ ላይ ነው። እዚህ ላይ የሚያኮራ ነገር አለ፦ ደህና ታሂኒ የሚያመርቱ ሰዎች፣ በእስራኤልም በአሜሪካም፣ የሚመርጡት የኛን የሑመራ ሰሊጥ ነው። ዘይቱ ብዙ ነው፣ መራራነቱ ትንሽ ነው። ቃሉም ቢሆን ሩቅ አይደለም፤ ዐረብኛው «ጣሒና» የመጣው ከመፍጨት ነው፣ ግእዙም ሲፈጭ «ጠሐነ» ይላል። የሰሊጡ ባለቤቶች እኛ ሆነን፣ ታሂኒውን በማሰሮ ከሱፐርማርኬት መግዛታችን ግን ያበሽቀኛል።

ቅመም አለው ወይስ እንደ ሆስፒታል ምግብ ነው?

ቅመም ሞልቷል፤ የሚያቃጥለው ነው ትንሽ። ሱማቅ የደረቀ ኮምጣጣ ፍሬ ነው፣ እንደ ሎሚ ይነሰነሳል። ዛታር ጦስኝ ከሚመስል ቅጠል፣ ከሰሊጥና ከሱማቅ ይቀላቀላል፤ ጦስኝ ሻይ እየጠጣ ያደገ ሰው ሽታውን ወዲያው ያውቀዋል። ጥቁር አዝሙድ ዳቦና አይብ ላይ ታገኛላችሁ፤ ቡባላ ሃሉሚውን በጥቁር አዝሙድ ማር ያቀርበዋል፣ መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር፣ ከቀመስኩት በኋላ ግን ዝም አልኩ።

የሚያቃጥል ከፈለጋችሁ ዙግ በሉ። የየመኖች ነው፦ ቃሪያ፣ የድንብላል ቅጠል፣ ነጭ ሽንኩርትና ከሙን። አረንጓዴ ዳጣ ነው በአጭሩ። አክስቴን «እትዬ፣ ቃሪያው ይኸውልሽ በሌላ ሳህን» ብዬ አቀረብኩላት፤ ሑሙሱ ላይ ገለበጠችው፣ ጠረጴዛው ያኔ ነው የሞቀው። ሒልቤ የሚባለውም የየመን ማባያ ከአብሽ ነው የሚሠራው፤ አንዳንድ ቤት ይገኛል። አምባ ደግሞ የማንጎ ማባያ ነው፣ ኮምጣጣና ጨዋማ፤ የባግዳድ አይሁዶች ከሕንድ ንግድ ያገኙት ነው። ልብስ ላይ ከፈሰሰ አይለቅም፤ ነጠላ ለብሳችሁ አትሂዱ።

ስንት ሳህን እንዘዝ?

ምግቡ የሚቀርበው በትንንሽ ሳህን፣ መሐል ጠረጴዛ ላይ፣ ለሁሉም ነው። ለሁለት ሰው አምስት ወይ ስድስት ሳህን ይበቃል፦ ሁለት የሚጠቀስ ነገር፣ ዳቦ፣ አንድ ሰላጣ፣ ሁለት ትኩስ። ብዙ ቤት ለጠረጴዛው ሁሉ የሚቀርብ ዋጋው የተቆረጠ ምርጫም አለው፤ ለአራት ሰው ከሆናችሁ እሱን ውሰዱና ከክርክር ተገላገሉ። ትልቁ ስሕተት መጀመሪያ ላይ በዳቦ መጥገብ ነው። ዳቦው ሲያልቅ ተጨማሪው ብዙ ጊዜ በሒሳብ ነው፤ እንደ እንጀራ ጭማሪ አትቁጠሩት።

በእጅ ቢበላ ነውር አለው?

የለውም። ዳቦ ቆርሶ መጥቀስ አገሩ ነው፤ ሹካ የምትይዙት ለሰላጣና ለትኩሱ ነው። ጉርሻ ግን እዚያ የለም። አክስቴ አስተናጋጇን ልታጎርሳት እጇን ዘርግታ ነበር፤ ልጅቷ አፏን ከፍታ ተቀበለች፣ እግዜር ይስጣት።

ለምን ሥጋ አልባ ሆነ? በጎ አድራጎት ነው ወይስ ሃይማኖት?

ሁለት ሥር አለው። አንደኛው የአይሁድ ሕግ ነው። ጠቦትን በእናቱ ወተት መቀቀልን የሚከለክለው ቃል በኦሪት ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ ሁለቴ በዘጸአት፣ አንዴ በዘዳግም። ከዚያ ተነስተው ሥጋና ወተት አንድ ማዕድ ላይ አይገናኙም አሉ። ስለዚህ ምግብ ቤታቸው ወይ የሥጋ ነው ወይ የወተት። ኒው ዮርክ ውስጥ ሥጋ የማይሠራባቸው «የወተት ቤቶች» በዚህ መንገድ ነው የበቀሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የተከፈተው ቢ ኤንድ ኤች ዴይሪ ሴኮንድ አቬኑ ላይ ዕድሜ ካስቆጠሩት አንዱ ነው።

ሁለተኛው ለእኛ የሚቀርበን ነው፣ ግን ማንም አያነሳውም፦ የሌቫንት ክርስቲያኖች ጾም። ሊባኖስ ውስጥ «ቢዜት»፣ በዘይት ማለት ነው፣ የሚባል የምግብ ጎራ አለ። ፎሶሊያው፣ ባሚያው፣ ደበርጃኑ በቅቤና በሥጋ ፋንታ በወይራ ዘይት ይሠራል፣ ሲቀዘቅዝም ይበላል። የኛ የጾም በያይነቱ ከተወለደበት ምክንያት የተወለደ ነው። ዐረብኛው «ሲያም»፣ ዕብራይስጡ «ጾም»፣ እኛም «ጾም»፤ ሜኑውን ስታነቡ ይህ ትዝ ቢላችሁ «የፈረንጅ ፋሽን ነው» የሚለው አባባል ይቀንሳል። በእርግጥ ዛሬ እነዚህን ቤቶች የሚሞላው ወጣት በአብዛኛው የሚመጣው ለእንስሳትና ለአየር ንብረት ብሎ ነው፣ ወይም ደግሞ ስለሚጣፍጥ ብቻ።

ሥጋ ከሌለ ኮሸር ነው ማለት ነው?

አይደለም። ኮሸር፣ በአይሁድ የምግብ ሕግ የተፈቀደ፣ የሚባለው በራቢዎች (በአይሁድ የሃይማኖት መምህራን) ቁጥጥር ሥር ሲሆንና ምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ሲኖር ነው። ወይኑ፣ አይቡ፣ ቅጠሉ ውስጥ ነፍሳት አለመኖራቸው፣ በሰንበት መዘጋቱ ሁሉ ይታያል። ዓርብ ማታ ጢም ብሎ የሚሠራ ቤት ካያችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ሙስሊም ነኝ፤ ችግር አለው?

የእርድ ጥያቄ አይነሳም፣ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። አልኮል ግን ይሸጣል፣ አንዳንዴ ምግቡ ውስጥም ወይን ይገባል። አይብ ላይ ጠንቃቃ ከሆናችሁ ወተቱ የረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣው ነገር እንዳልሆነ ጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ ለቬጂቴሪያኖቹም አስፈላጊ ስለሆነ አስተናጋጁ አይገረምም።

ሰሊጥ ወይም ለውዝ የማይስማማኝ ከሆነስ?

ሳትጠይቁ አትቀመጡ። ሰሊጥ እዚህ ምግብ ቤት ውስጥ ከጨው ቀጥሎ ያለ ነገር ነው፤ ታሂኒው፣ ዛታሩ፣ ዳቦው፣ ሐላዋው። ብሪታንያ ውስጥ ምግብ ቤቶች 14 የአለርጂ ምንጮችን የመናገር ግዴታ አለባቸው፣ ሰሊጥ አንዱ ነው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ሰሊጥን ከዋና ዋናዎቹ ዘጠኝ ውስጥ አስገብታለች። «ትንሽ ብቻ ነው» የሚል መልስ ከሰጧችሁ ተነሱ።

ሑሙስ የማን ነው? የአይሁድ ወይስ የዐረብ?

ይህን ጥያቄ ጠረጴዛ ላይ ካነሳችሁ ጣፋጩ ላይ አትደርሱም። ሑሙስ፣ ፋላፍልና ታቡሌ ዛሬ ያሉት አገሮች ድንበር ሳይሰመር በፊት በዐረብኛ ስማቸው ሲበሉ የኖሩ ናቸው፤ ፍልስጤማዊና ሊባኖሳዊ «የእስራኤል ምግብ» ሲባል ቅር የሚላቸው በዚህ ነው። ለሌላው ወገን ደግሞ ከየመንና ከባግዳድ የመጣ አያቱ ቤት የበላው ነው። ፉክክሩ እ.ኤ.አ. በ2010 ሚዛን ላይ ወጣ፦ በጥር ኢየሩሳሌም አጠገብ ባለው አቡ ጎሽ የዐረብ መንደር 4,090 ኪሎ ሑሙስ ተሠርቶ ክብረ ወሰን ሆነ፤ በግንቦት ሊባኖሶች 10,452 ኪሎ ሠሩ። ቁጥሩ የአገራቸው ስፋት በካሬ ኪሎ ሜትር ነው። እንጀራ የኢትዮጵያ ነው የኤርትራ እያልን ፌስቡክ ላይ ሌሊቱን የምናነጋ ሰዎች በእነሱ መሳቅ አንችልም።

ኢትዮጵያዊ የሆነ ነገር ሜኑው ላይ ይኖራል?

አልፎ አልፎ። ቤተ እስራኤሎች በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. በብዛት እስራኤል ሲገቡ እንጀራውንና የሰንበት ዳቦውን ይዘው ነው የገቡት፣ ግን የሌቫንት ስም የያዙ ቤቶች ሜኑ ላይ ገና በብዛት አልደረሰም። የፉልን ነገር ከጠየቃችሁ አለ፤ አዲስ አበባ ቁርስ ላይ የምትበሉት ያው ፉል ነው።

ሒሳብና ቲፕ እንዴት ነው?

ለንደን ውስጥ 12.5 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሒሳቡ ላይ ተደምሮ መምጣቱ የተለመደ ነው። አገልግሎቱ ካላስደሰታችሁ አስቀንሱት፣ ግዴታ አይደለም። ከተከፈለ ግን ሌላ ቲፕ መጨመር አይጠበቅባችሁም። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ገንዘቡ ሳይቀነስ ለሠራተኞቹ እንዲደርስ ሕግ ያስገድዳል።

ጣፋጭና ቡናስ?

ጾመኛ እዚህ ይጨነቃል፦ ማላቢ የሚባለው ገንፎ መሳይ ጣፋጭ የወተት ነው፣ ክናፌ የሚባለው አይብ አለበት፣ ባብካ (ጣፋጭ ጉንጉን ዳቦ) እና ባቅላዋ ብዙ ጊዜ በቅቤ ናቸው። ሐላዋ የተሻለ ዕድል አለው፤ ስሙን ከምሥራቁ አገራችን ሐሉዋ ታውቁታላችሁ፣ ይህኛው ግን የተፈጨ ሰሊጥና ስኳር ነው። እሱም ከሌለ ተምርና የናና ሻይ በሉ።

ቡናው በሄል የተፈላ፣ ጥቁርና ወፍራም ነው፤ አተላው ስኒው ውስጥ ይዘቅጣል። አክስቴ ስኒዋን ጨርሳ ወደ ኩሽናው በር እያየች ትንሽ ቆየች። «ሁለተኛው አይመጣም እንዴ?» አለችኝ። ከፍለን ወጣንና ቤት ሄደን አፈላን።